በረዶ በማይወርድበት ሰፈር ልጆችን በበረዶ ማጫወት

  በንግግሬ ዓመታትን የምጠራው እዚህ እስራኤል አገር በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ከትንንሽ ልጆች ጋር ክረምቱን በበረዶ ጨዋታ ስለማሳለፍ ነው። የምንኖርባት ነታንያ የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በረዶ አይወርድባትም። በክረምቱ አጋማሽ እንኳ የባሕሩ ውኃ ከ17 ዲግሪ ብዙም ዝቅ አይልም። ያ ለብ ያለ ውኃ አየሩን ስለሚያሞቀው፣ ከላይ በረዶ ሆኖ የተነሣው ሁሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዝናብ ይሆናል። በፌብሩዋሪ 1950 ቴል አቪቭን ጨምሮ የባሕሩ ዳርቻ ነጭ ለብሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ በረዶ በዚህ ወገን አልታየም።

ልጆቻችን ግን በረዶ ያምራቸዋል። የጋኑ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ግድግዳ ገና ሐኑካ ሳይገባ በወረቀት በረዶ ይሸፈናል፤ የሚያዩት የልጆች ፊልም በረዶ የበዛበት ነው። ቤት ሲገቡ «ሼሌግ (በረዶ) የት አለ?» ይላሉ። እኛም «ሄርሞን ተራራ እንሄዳለን» እንላለን። አባት የሌሊት ፈረቃ ይገባል፣ እናት ቅዳሜን ጠብቃ ታርፋለች፣ ሳምንቱ በሳምንት ይተካል፣ የሄርሞኑ በረዶ ይቀልጣል። ልጁ ደግሞ ዝም እንዲል ስልክ ይሰጠዋል። እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት በረዶውን ወደ ቤት ማምጣት እንደሚቻል ነው። ከዚህም በላይ፣ ይህን ጨዋታ ከጋነኔቷ፣ ከጋኑ መምህርት፣ አስበልጣ የምታውቀው ቤት የተቀመጠችው አያት ናት። ሽማግሌዎቹ ከፊት እንዲቀመጡ የለመንኩት ለዚሁ ነው።

ልጆቻችን በረዶን የፈረንጅ ነገር አድርገው ያስቡታል። እንዲህ ማሰባቸው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም። የሄርሞን ጫፍ ከፍታው 2,814 ሜትር ነው። በሰሜን ተራሮች ያለው የራስ ዳሸን ከፍታ ግን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ካሌብ ጊዜ፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ደርሶ፣ እዚያ ቆሞ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ አስቀርቶልናል። ጽሑፉ ከኮስማስ ዘመን ብዙ ቀድሞ የነበረ አንድ የአክሱም ንጉሥ ያስቀረጸው ነው። ንጉሡ የዘመተባቸውን አገሮች ሲቆጥር የሰሜንን ሰዎች ይጠቅሳል፤ ከወንዝ ማዶ በማይደፈር ተራራ እንደሚኖሩ፣ ተራራውን በረዶና ውርጭ እንደሸፈነው፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይገልጻል። እስከ ጉልበት! የቤተ እስራኤል አባቶቻችን በዚያ አገር መቶ ዓመት በመቶ ዓመት ላይ እየተደራረበ ኖረዋል። እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር የተዋጉትም እነዚያኑ የሰሜን አምባዎች ይዘው ነው። እንግዲህ ልጁ ሄርሞንን በሥዕል ሲያሳያችሁ፣ «ያያትህ አገር ተራራ ከዚህ በሺ ሰባት መቶ ሜትር ይበልጣል» በሉት። ዓይኑ ሲፈጥ ታያላችሁ።

ቀጥሎ «ታዲያ ለምን እዚያ ሰው በረዶ ላይ አይንሸራተትም?» ብሎ ይጠይቃችኋል። መልሱ ቀላል ነው። የእኛ ተራሮች ለምድር ወገብ ስለሚቀርቡ ቀን ፀሐዩ ይበረታል። ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዘው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናብ የለም። ዝናቡ በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ብርዱን ያለዝበዋል። ቅዝቃዜውና ዝናቡ እምብዛም ስለማይገናኙ በጫፉ ላይ አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ጠዋት ሣሩን ያነጣው የነበረው አመዳይ ግን የሁላችሁም ትዝታ ነው። ከብት ልትጠብቁ በባዶ እግራችሁ የወጣችሁበትን ጠዋት ለልጅ ልጃችሁ ንገሩት።

እርግጥ ነው፣ ለብዙዎቻችሁ በረዶ ሲባል ትዝ የሚላችሁ ጨዋታ አይደለም። የደረሰ ጤፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ አፈር ሲሆን ያየ ሰው በረዶን እንደ ልጅ አይወደውም። እህሉን ከበረዶ እንዲያድንለት ለደብተራ ገንዘብና እህል የከፈለ ጎረቤት እንደነበራችሁም አውቃለሁ። ይህንንም ንገሩት፤ አትደብቁት። ልጅ አንድ ነገር የሚያስፈራም የሚያስደስትም ሊሆን እንደሚችል ሲሰማ አይጎዳም። እዚህ አገር ስለደረሳችሁበት የመጀመሪያ ክረምትም አጫውቱት። በሙሴ ዘመቻ የመጣችሁ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985፣ ከሱዳን ሐሩር ወጥታችሁ ክረምት ላይ ነው ያረፋችሁት። በሰሎሞን ዘመቻ በሜይ 1991 የገባችሁ ደግሞ በዚያው ዓመት የተከተለው ክረምት ብርቱ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኢየሩሳሌም በዚያ ክረምት በረዶ ደጋግሞ ጥሎባታል። በሆቴል ወይም በካራቫን መስኮት በኩል ያን ጊዜ ያያችሁትን ከእናንተ በቀር ማን ይነግረዋል?

አሁን ወደ ጨዋታው ልግባ። ከሁሉ በፊት የማነሣው ጥጥ ነው።

ሱቅ ውስጥ በብልቃጥ የሚሸጥ ሰው ሠራሽ በረዶ አለ። ገንዘባችሁን አታባክኑበት። እናቶቻችን ነጭ ነገር ሲበን ማየት ከፈለጉ ባዘቶ አላቸው። ጥጡን ድንጋይ ላይ አድርጋ በመዳመጫ ብረት ፍሬውን የምታወጣ፣ ከዚያ በደጋን የምትነድፍ ሴት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች፤ አንድ ብቻም አይደለችም። የደጋኑ ጅማት ጥጡን ሲመታው ጥጡ ይነሣል፣ ይበተናል፣ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ቀስ ብሎ ያርፋል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ከሆነ እያንዳንዷ ብናኝ ለብቻዋ ትታያለች። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ከዚህ ፊት ሲቆም የሚያደርገውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እጁን ዘርግቶ መዳፉ ላይ እስኪያርፍለት ይጠብቃል፣ ካረፈለት በኋላ እፍ ይለዋል፣ እንደገና ይጠብቃል። ደጋን ከሌላችሁ ከፋርማሲ የተገዛ ጥጥ በጣት እየተፈለቀቀ ይበቃል። ብርድ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጉት፣ ተራራ ይሆናል። ባዘቶውን ከላይ አልብሱት። ከካርቶን ዋልያ ቁረጡ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ቁረጡ፤ ጭላዳው ደረቱ ላይ ቀይ ይቀባ። ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም አይገኝም። ልጁ የእነዚህን እንስሳት ስም ከአያቱ አፍ ሲሰማ ጨዋታው የራሱ ይሆናል።

ሲጨርስ ጥጡ አይጣልም። እማማ አመልማሎ ጠቅልላ፣ እንዝርቷን አሹራ፣ በረዶው ክር ሲሆን ታሳየዋለች። ከዚያ ልቃቂቱን ይዞ ወደ ጋን ይሂድ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥጥ አፉ ውስጥ ይከታል፤ አስም ያለበት ልጅ ደግሞ ብናኙ ያስቸግረዋል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ከአጠገቡ አይራቅ። ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ነጭ ዱቄትና ውኃ ውስጥ የሚያድጉ ትንንሽ ባለ ቀለም ኳሶች ግን ከነጭራሹ ቤታችሁ አይግቡ። ልጅ ከዋጣቸው ሆዱ ውስጥ አብጠው አንጀት ይዘጋሉ።

ወረቀቱን ጋነኔቶቹ ስለሚሠሩት ረጅም አልሄድበትም። አብዛኞቹ ግን ወረቀቱን አራት ወይም ስምንት ቦታ ያጥፉታል፤ እውነተኛው በረዶ ግን ስድስት ክንድ ነው ያለው። ክብ ወረቀት ለሁለት እጠፉ፣ ግማሹን ደግሞ ለሦስት እኩል እጠፉ፣ ጠርዙን ቁረጡ፣ ዘርጉት። ስድስት ይሆናል። ልጁ «ማጌን ዳቪድ!» (የዳዊት ኮከብ) ብሎ ይጮኻል። የከዋክብት ሊቅ የነበረው ኬፕለር በ1611 በረዶ ለምን ሁልጊዜ ስድስት ማዕዘን እንደሚሆን ጠይቆ ትንሽ መጽሐፍ ጽፏል። መልሱን የምናውቀው ከእርሱ በኋላ ነው። የውኃ ቅንጣቶች ሲረጉ በስድስት ማዕዘን ተያይዘው ስለሚደረደሩ ነው።

ልጆች የሚወዱት ግን የቤንትሊን ታሪክ ነው። ዊልሰን ቤንትሊ በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት የሚኖር የገበሬ ልጅ ነበር። መንደሩ ጄሪኮ ትባላለች፣ በእኛው በኢያሪኮ ስም። እናቱ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ሰጠችው። ልጁ በቅዝቃዜ ውስጥ ቆሞ የሚወርደውን በረዶ በጥቁር ሰሌዳ እየተቀበለ፣ ትንፋሹ እንዳያቀልጠው አፉን ይዞ ያይ ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 1885፣ በ19 ዓመቱ፣ የአንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶ በማይክሮስኮፕ አነሣ። እንዲህ ካደረጉ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። እስከሞተበት እስከ 1931 ድረስ ከ5,000 በላይ ፎቶ አንሥቷል፤ ሁለት አንድ ዓይነት አላገኘም። ልጁ መቀሱን ይዞ የመጀመሪያውን ሲያበላሽ ይህን ንገሩት። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን መቀስ አያስፈልገውም፤ ወረቀት መቅደድ ለእርሱ በቂ ሥራ ነው።

በሰንበት መቀስም ሙጫም አይነሣም። ዝናብ ሲዘንብ ለሚውልበት ሰንበት እንቆቅልህ አለን። እኔ ለልጆች የምለው እንዲህ ነው፤ «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» «ጨብጬ ያዝኩት፣ ሳልለቀው አጣሁት።» በሳምንቱ በረዶ በእጁ ይዞ ያቀለጠ ልጅ ወዲያው ይመልሳል። መልሱን ያላወቀው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ሰሜንን ይስጣችሁ፣ ወገራን ይስጣችሁ፣ ደምቢያን ይስጣችሁ። በዚያው የአገሩን ስም ይማራል።

አሁን ብዙ ደስታ ወደማገኝበት ጨዋታ መጣሁ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሳይተኙ አንድ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን ውኃ ሙሉ። ውስጡ የሮማን ፍሬ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ሁለት ዘለላ በሶብላ ጨምሩና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከሜዳ አበባ ቀጥፋችሁ አትጨምሩ፤ ካላኒትና ኢሩስ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ልጁም ይህን ይወቅ። ጠዋት ሳህኑን ገልብጣችሁ የረጋውን በትሪ ላይ አውጡት። በረዶው ዳር ዳሩ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ፣ መካከሉ ነጣ ያለ ይሆናል፤ ውኃው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲረጋ አየሩን ወደ መሐል ስለሚገፋው ነው። ሮማኑ ሩቅ ያለ ይመስላል።

ወላጅ እዚህ ላይ መቸኮል የለበትም። «ይህ በረዶ ነው፣ ይህ ሮማን ነው» እያለ አያስተምር። ልጁ ይንካው። ጣቱ ሲጣበቅ ይደነግጣል፣ ይስቃል። «እንዴት እናውጣው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መዶሻ ይላል። ሻካራ ጨው በማንኪያ ስጡትና ይበትንበት። ጨው ያረፈበት ቦታ መጮህ ይጀምራል፤ ጆሯችሁን ብታስጠጉ የሚሰማ ትንሽ የመሰንጠቅ ድምፅ ነው። ከዚያ በረዶው ውስጥ ወደታች የሚሄዱ ቀጫጭን ቦዮች ይከፈታሉ። በዚያን ጊዜ የቀይ ሥር ውኃ በጠብታ ጨምሩበት። ቀለሙ ቦይ ቦዩን ይዞ ሲወርድ በረዶው ውስጥ ቀያይ ሥሮች ይታያሉ። ጨው ከውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው ለመርጋት ከዜሮ በታች ብዙ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የነካው ሁሉ ይቀልጣል። አባባ በዚህ መካከል ስለ አሞሌ ጨው ቢያወሩ እወዳለሁ፤ ጨው ገንዘብ የነበረበትን ዘመን የሚያውቅ ሰው በየቀኑ አይገኝም።

በሶብላው ነጻ ሲወጣ ክፍሉ ይሸታል። እናቶች ወዲያው ሽሮ ያስባሉ። እስካሁን ከዚህ ጨዋታ ጋር ተያይዘው ስንት ቃላት እንደወጡ አስተውላችሁ ከሆነ፣ ረጋ፣ ቀለጠ፣ ቀዘቀዘ፣ ተሰነጠቀ፣ ተጣበቀ፣ ሸተተ፣ ሁሉም ልጁ በእጁ እየነካ የሰማቸው ናቸው። አማርኛውን ከደብተር ሊማረው የሚቸገር ልጅ እንዲህ ሲሆን አይረሳውም። ትግርኛ የምትናገሩም በትግርኛችሁ አጫውቱት። ዕብራይስጡን ጋን ይሰጠዋል፤ ይህን ግን ከእናንተ በቀር ሌላ የሚሰጠው የለም።

ቀጣዩ ጨዋታ ጭቃ ነው። የበረዶ ሰው በረዶ ከሌለ እንዴት ይሠራል? የእኛ እናቶች ምጣድና እንስራ ከመሥራት አልፈው ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ላይ ሰውና እንስሳ በሸክላ ይሠሩ ነበር። መንገደኛ ፈረንጅ ሁሉ ከወለቃ አንበሳ ወይም ማጌን ዳቪድ ገዝቶ ይሄድ ነበር። ያ እጅ እዚህ ነታንያ ፎቅ ላይ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ሸክላ ባይገኝ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ከአንድ ኩባያ ጥቂት ያነሰ ውኃ ደባልቁና አቡኩ። ነጭ ሊጥ ነው፣ የበረዶ ሰው ይወጣዋል። ጨው ስለበዛበት ግን አይበላም። ልጁ ሦስት ድቡልቡል ሠርቶ ሲደራርብ ይወድቅበታል። አያቱ ደግሞ ጣቷን ውኃ ውስጥ ነክራ የተገናኘበትን ቦታ ፈትጋ አንድ ታደርገዋለች። ይህን በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበበችም። ስትሠራ ልጁ አጠገቧ ይቀመጥ፣ ጣቶቿን ይይ። ባርኔጣ ምን ያደርጋል? ኩታ ያልብሱት፤ ቆብ ወይም ሻሽ ይጠምጠምለት። ከዚያ በምድጃ፣ 100 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይድረቅ።

ለሚሮጥና ለማይቀመጥ ልጅ ደግሞ ወለላችን አለ። የዚህ አገር ቤት ወለሉ ሰድር ነው፤ ምንጣፉን አንሡና ወፍራም ካልሲ አልብሱት፣ እግሩን እያፈራረቀ ይንሸራተት። ስፖንጃ ተደርጎ፣ ማለትም በውኃ ታጥቦ፣ ገና ያልደረቀ ወለል ላይ ግን አይሆንም፤ የጠረጴዛውም ጠርዝ ይራቅ። እግረ መንገዳችሁን ስለ ሮቤል ተክለማርያም ንገሩት። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ፣ እዚያ በረዶ ላይ መንሸራተት ተማረ፣ በ2006 ቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ። ከእርሱ በፊት በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ተመለሰ። ወንዶች ልጆች «83ኛ?» ብለው ቅር ይላቸዋል። ከእነሱ ጋር ተወያዩበት፤ ጥሩ ወሬ ይወጣዋል።

ከመተኛታቸው በፊት መጽሐፍ ለምታነቡላቸው አንድ ልጠቁም፤ የኤዝራ ጃክ ኪትስ «በረዷማ ቀን»። በ1962 የወጣ ነው፣ በዓመቱ የካልዴኮት ሽልማት አገኘ። ኪትስ ብሩክሊን ተወለደ፤ ወላጆቹ ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁድ ነበሩ። ከአንድ መጽሔት ላይ የትንሽ ጥቁር ልጅ ፎቶ ቆርጦ ሃያ ዓመት ያህል ግድግዳው ላይ አቆየና፣ በኋላ ያንን ልጅ የመጽሐፉ ባለታሪክ አደረገው። ፒተር የሚባለው ልጅ ቀይ ካፖርት ለብሶ በረዶ ላይ ይጫወታል፤ የበረዶ ኳስ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቤት ይገባል፣ ኳሱም ይቀልጥበታል። የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2020 እንዳስታወቀው፣ በ125 ዓመት ታሪኩ እንደዚህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የተዋሱት የለም። አይሁዳዊ ጸሐፊ፣ ጥቁር ልጅ፣ በረዶ። የእኛ ልጆች በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ፊታቸውን የሚያዩበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ሥዕሉ ይበቃል፤ እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ ባታነቡ ገጹን እየገለጣችሁ በራሳችሁ አፍ ተርኩለት።

ሄርሞን መሄድ የምትችሉ ሂዱ፤ አልከለክልም። ከዚህ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በረዶ በጣለ ቀን ሰው ስለሚበዛ መንገዱ ይዘጋል፤ መግቢያውንም አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። የጸጥታውም ነገር አለ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ዲሴምበር 2013 ወይም እንደ ጃንዋሪ 2022 በረዶው ኢየሩሳሌም ድረስ ከመጣ ደግሞ ዘመድ ዘንድ ማደር ይሻላል። የልጁ ልብስ ነገር ላይ ግን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። አንድ ወፍራም ጃኬት አይበቃም፤ ሦስት ቀጫጭን ልብስ ቢደራረብ ይሻላል። ከሥር የሚለበሰው ጥጥ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ጥጥ ሲረጥብ ብርዱን ይዞ ይቀራል። ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። ቅያሪ ካልሲና ጓንት በላስቲክ ያዙ። የእኛ ልጆች ቆዳቸው ጥቁር ስለሆነ ብርድ ሲያጠቃቸው መቅላቱ አይታይም፤ የጆሮ ጫፍና ጣት ግራጫ ከመሰለ፣ ወይም ልጁ «አይሰማኝም» ካለ ቶሎ ወደ ሙቀት አግቡት፤ አትሹት፣ በረዶም አታስነኩት። የፀሐዩን ጨረር በረዶው መልሶ ስለሚያንጸባርቀው የፀሐይ መነጽርና የቆዳ ክሬም አይቅር። ጥቁር ቆዳ ክሬም አይፈልግም የሚለውን አትስሙ።

ነታንያ ውስጥም ክረምት አለ። ልጆቻችንን ብርድ ይመታቸዋል ብለን ሦስት ወር ቤት እንዘጋባቸዋለን። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በክረምት በር ዘግቶ ማሳደግ አጥንታቸውን ይጎዳል። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ቦት ጫማ አድርጉላቸውና አውጧቸው። በከተማችን ደቡብ በኩል የዶራ የክረምት ኩሬ አለ። በበጋ ደረቅ መሬት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ውኃ ይሞላል፣ እንቁራሪት ይጮኽበታል፣ ወፍ ይሰፍርበታል። ከእርሱ ብዙ ሳይርቅ የኢሩስ አበባ ጥብቅ ቦታ አለ። በፌብሩዋሪና በማርች ጥቁር ሊመስል የደረሰ ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ በዚህች አገር የባሕር ጠረፍ ሜዳ ካልሆነ በቀር በተፈጥሮ የትም አይበቅልም። የሚወስዳችሁ ሰው ሲጠፋ በራሳችሁ ሂዱ፤ ለመግባት ምንም አይከፈልም።

ንግግሬ ረዘመ፤ ልጆቹም መቁነጥነጥ ጀምረዋል። ከኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ የተከደኑ ባልዲዎች አሉ፤ ውስጣቸው የተፈጨ በረዶ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት የላስቲክ ከረጢት ይወስዳል። በትንሹ ውስጥ ግማሽ ኩባያ ወተትና አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሩና በደንብ ዝጉት፤ ምሳ ሥጋ የበላችሁ ካላችሁ፣ ወተቱን ትታችሁ የብርቱካን ጭማቂ አድርጉ፣ እርሱም አዘጋጅተናል። ትንሹን ከረጢት በትልቁ ውስጥ ክተቱ፣ ዙሪያውን በረዶና ግማሽ ኩባያ ጨው ሙሉበት። ጨው የነካው በረዶ ከዜሮ በታች ብዙ ስለሚወርድ ባዶ እጅ እንዳይነካው፤ በፎጣ ጠቅልሉት። ከዚያ ልጁና አያቱ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው አሥር ደቂቃ ይናጡት። እናቶች፣ ቅል ስትንጡ የነበረውን ምት ለልጆቹ አሳዩአቸው። ጨዉ በቀኝ በኩል ነው፣ ፎጣው ከወንበሮቹ ላይ። ኑ፣ እንጀምር።